የመመለሻው ጉብታ

መምህር ደምለው ሞጣ በሚገኝ የኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቀትር ላይ ሞቶ ተገኘ። ከኋላ በብረት ተመትቷል። በማግሥቱ ጠዋት ኢንስፔክተር መሪማ ስትደርስ ሚስቱ ዘሪቱ በካቴና ታስራ ነበር። ቀብሩ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በትውልድ አገሩ በቢቸና ነው። ዘሪቱ የለመነችው ለቀብሩ እንድትደርስ ብቻ ነበር።

ያሳሰራት በቤተ ሙከራው ኮምፒውተር ላይ የቀረ የልኬት ንድፍ (ግራፍ) ነው። ደምለው የሚመራመርበት የፀረ ተባይ ናሙና ቀትር ላይ እንደተለካ ይናገራል፤ ስለዚህ እስከዚያ ድረስ በሕይወት ነበር ተባለ። በዚያ ሰዓት ምሳ ይዛ የገባችው ዘሪቱ ብቻ መሆኗን የጥበቃ ሠራተኛዋ ይርጋነሽ መስክራለች። የደምለው ረዳት ሀሲናና የሥራ ባልደረባው መምህር ሀብተ ሥላሴ ቀደም ብለው ወጥተው ነበር።

መሪማ ሀብተ ሥላሴን ዘሪቱ ባለችበት ስታነጋግረው ዓይኑ ከዘሪቱ የጋብቻ ቀለበት ላይ አልተነሣም።

«እንዲህ ያለ ንድፍ እንዴት እንደሚነበብ ያስረዱኝ።»

«ሳይክሊክ ቮልታሜትሪ ይባላል። በናሙናው ላይ ቮልቴጁን ከፍ አድርገን እንመልሰዋለን፤ ንጥረ ነገሩ ሲለወጥ መስመሩ ላይ ጉብታ ይወጣል። ለተማሪዎች የማሳየው ቢጫ ጨው ሲሄድም ሲመለስም ጉብታ ይሠራል።»

«የደምለው ፀረ ተባይስ?»

«አንዴ ከተለወጠ አይመለስም። ሲሄድ አንድ ጉብታ፣ ሲመለስ ባዶ። ግማሽ ሥራ እያልኩ እቀልድበት ነበር። የኮሌጁን የምርምር ሽልማት ግን ለእሱ ሰጡት።»

መሪማ አራቱንም በቤተ ሙከራው ሰበሰበቻቸውና ንድፉን አሳየቻቸው።

«የፋይሉ ስም ፀረ ተባይ ይላል፤ ጉብታው ግን በመመለሻውም አለ። ስለዚህ የተለካው ቢጫው ጨው ነው። ደምለው እንዲህ አይሳሳትም፤ ይህን የሠራው ሌላ ሰው ነው። መሣሪያው ሰዓት ከተሞላለት ራሱ ይጀምራል፤ ስለዚህ ደምለው ቀትር ላይ በሕይወት ለመኖሩ ማስረጃ የለም። ሀሲና ስትወጣ ደምለው እስከ በሩ ሸኝቷታል፤ ይርጋነሽ አይታለች። ከዚያ በኋላ ከእሱ ጋር የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ መምህር። ገድለውት ሲቸኩሉ እጅዎ የለመደውን ጨው አነሣ፤ ለማያውቅ ሰው ሁለት ጉብታ ያለው ሙሉ ንድፍ ይበልጥ ይታመናል ብለውም አሰቡ። ሰዓቱንም ዘሪቱ ምሳ በምታመጣበት ሞሉት።»

ሀብተ ሥላሴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ለጋብቻ ቀድሜ የጠየቅኋት እኔ ነበርኩ» አለ። «በየቀኑ ምሳ ይዛለት ስትመጣ በመስኮት አያለሁ። እኔን አንድ ቀን እንኳ ቀና ብላ አላየችኝም።»

ዘሪቱ አሁንም አላየችውም።

«እንደርስ ይሆን?» ስትል መሪማን ጠየቀቻት።

መሪማ ካቴናውን ፈታችላትና ሾፌሩን ጠራችው።