የጋሽ ሰይድ ግራ እጅጌ

የጂን ወሬ ሲነሳ ጫማዬን አጥልቄ የምወጣው እኔ ነበርኩ፣ ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፣ ስለሚሰለቸኝ ነው። እኔ የማምነው የሚቆጠርና የሚለካ ነገር ነው፤ ሬዲዮ ፈትቶ መግጠም እንኳ የተማርኩት ያለ አስተማሪ፣ ለእያንዳንዱ ብሎን ወረቀት ላይ ቁጥር እየሰጠሁ ነው፣ ስለዚህ ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ቆጠራ ተሳስተህ ነው ብዬ አልፈው ነበር። እመኑኝ፣ ደጋግሜ ቆጥሬያለሁ።

እትዬ ዘሀራ በሰፈራችን የሹራብ ማሽን የነበራቸው ብቸኛ ሴት ናቸው። በቆቦ ሙቀት ሹራብ ማን ይለብሳል ትሉ ይሆናል፣ እሳቸው የሚሠሩት ወደ ደጋ ለሚሄድ ሰው ነበር። ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ረጅም ብረት ነው፣ በላዩ ጫፋቸው የተቆለመመ ሁለት መቶ ቀጫጭን መርፌዎች ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱ መርፌ አንድ የክር ቀለበት ይይዛል፣ እጀታውን ከግራ ወደ ቀኝ ስትገፉት ሽርርር ይልና አንድ ረድፍ ይሠራል፣ ጎኑ ላይ ያለችው ቆጣሪም ቀጭ ብላ አንድ ቁጥር ትጨምራለች። ሁለት ቀን አሳይተውኛል፣ በሦስተኛው ታመሙ፣ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፣ አላህ ይርሐማቸው።

አርባቸው ካለፈ በኋላ ልጃቸው ፋጡማ አባቷን ወደ ደሴ ልትወስድ መጣች። ባልየው ጋሽ ሰይድ አስጠሩኝ። ጭናቸው ላይ ቡና ዓይነት ሹራብ ይዘው ተቀምጠዋል፣ ገላው አልቋል፣ ቀኝ እጅጌው ተሰፍቷል፣ ግራው ግን የለም።

«ደሴ ብርድ ነው ብላ የጀመረችልኝ ነው» አሉኝ፣ «ግራው እማሽኑ ላይ ቀርቷል። ማሽኑን ውሰደው፣ እሱን ብቻ ጨርስልኝ ኑሬ። ሰኞ ጠዋት ነው የምንሄድ።»

«ጋሼ፣ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ።»

«አብሽር፣ እሷም ጀማሪ ነበረች።»

ቀኝ እጅጌውን እዚያው ቆጠርኩት፣ መቶ ሃያ ረድፍ፣ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ቀለበቶቹ እንዳያመልጡ ማሽኑን ለሁለት እንደ በሽተኛ ተሸክመን ቤቴ አስገባነው። ችግሩ ይገባችኋል? መለማመጃ የለኝም። ማሽኑ ላይ ያለው የእሳቸው እጅ የነካው የመጨረሻ ሥራ ነው፣ ካበላሸሁት የሚተካው የለም፣ እኔ ደግሞ የማውቀው ከስልክ ቪዲዮ ላይ፣ ቋንቋውን ሳልሰማ፣ እጅ ብቻ እያየሁ የለቀምኩትን ነው።

አርባ ረድፍ ላይ ተረከብኩት። ዓርብ ሁለት ረድፍ ሠርቼ እጀታውን በግራ በኩል ትቼ ወጣሁ፣ ደብተሬ ላይም «በግራ» ብዬ ጽፌያለሁ፣ ስመለስ በቀኝ ነው፣ ቆጣሪዋ አርባ ሦስት ትላለች። ስጽፍ ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። ግን ያቺ አንድ ረድፍ ከእኔዎቹ ትለያለች፣ የእኔ አንዱ ቀለበት ሲጠብቅ አንዱ ይላላል፣ ያቺ ግን ከጫፍ ጫፍ እኩል ናት። ቅዳሜ ሦስት ረድፍ ጨመርኩና አርባ ስድስት አደረስኩት፣ ያን ቀን የተለየ ነገር አላየሁም።

እሑድ ቀትር ላይ ክሩ አለቀ። አዲሱን ጥቅል እያዘጋጀሁ የዙህር አዛን ተሰማ፣ አንድ ረድፍ ጨምሬ ልሂድ ብዬ ቸኮልኩ፣ አዲሱን ክር ሳላስገባ እጀታውን ገፋሁት። ክር ከሌለ መርፌዎቹ የያዙትን ቀለበት ይለቁታል። እጅጌው በሙሉ ወለሉ ላይ ወደቀ። ላነሳው ስል ቀለበቶቹ ወደ ታች እየተፈቱ ሄዱ። እዚያው ወለሉ ላይ ጨርቅ ጣል አደረግሁበት፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ቁልፉ አንድ ነው፣ ኪሴ ገባ። ሰግጄ ስጨርስ እውነቱን ልነግራቸው ወደ ጋሽ ሰይድ ቤት ሄድኩ።

ፋጡማ ሻንጣ ታስራለች። እሳቸው ያን አንድ እጅጌ የጎደለው ሹራብ ሻንጣ ውስጥ እንድትከተው አልፈቀዱም።

«ነገ ይደርሳል?» አሉኝ።

«ኢንሻአላህ» አልኳቸው። እዚያው ተቀምጬ ልናገር ልናገር ስል የዐስር አዛን ተሰማ።

ስመለስ ጎረቤቴ መምህሩ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ቀልደኛ ሰው ነው፣ በረንዳው ላይ ውሃ እየረጨ ነበር።

«ዛሬስ እጅህ ተፈታ» አለኝ። «ቀትር ላይ ጋደም ብዬ እስክነሳ ሽር ሽር ስታደርግ ነበር። ቆቦ በረዶ ሊዘንብባት ነው ብዬ ብርድ ልብስ ልፈልግ ነበር።»

«እኔ ቤት አልነበርኩም።»

«እና ማን ነው አሥር ጊዜ ሽር ባለ ቁጥር ቆም እያለ የሚያስለው?»

እትዬ ዘሀራ በየአሥሩ ረድፍ ቆም ብለው ክሩን ይፈትሹ እንደነበር አስታወስኩ፣ ሳላቸውንም። ወደ ቤቴ ሄድኩ። በሩ እንደተቆለፈ ነው። ከፈትኩት። ጨርቁ ተጣጥፎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፣ እጅጌው አልቆ፣ ቀለበቶቹ እንዳይፈቱ ጫፉ ተቋጥሮ፣ ማሽኑ ላይ ተዘርግቷል። ቆጣሪዋ መቶ ስምንት ትላለች። በጣቴ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፣ መቶ ስምንት ነው፣ ከቀኙ በአሥራ ሁለት ረድፍ ያንሳል፣ ሁለት ጣት ያህል። አጭር መሆኑን እያወቅሁ ለመፍታት እጄ እምቢ አለ። ያን ምሽት መምህሩ ቤት ነው ያደርኩት።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ሰይድ ቤት ሄጄ እዚያው ፊታቸው ሰፋሁት። መኪናው በር ላይ ቆሟል። ጋሽ ሰይድ ለበሱት፣ ሁለቱም እጅጌ እኩል አንጓቸው ላይ አረፈ። እኔ ግን ልዩነቱን አውቃለሁ፣ ዓይኔን ከግራው መንቀል አልቻልኩም፣ አዩኝ።

«በልጅነቴ ከግመል ወድቄ ይኸ እጄ ተሰብሮ ነበር፣ ወጌሻ አጣሞ አሰረውና አጠረ» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አባዬ፣ እኔም አላውቅም» አለች ፋጡማ።

«ማን ያውቃል? የኮቴን እጅጌ እንኳ የምታጥፍልኝ እናትሽ ነበረች።» ወደ እኔ ዞሩ። «ነግራህ ነበር?»

እውነቱን ብናገር ምን እንደሚሆኑ አላወቅሁም። «አዎ፣ ነግረውኛል» አልኩ። «አላህ እጅህን ይባርከው» ብለው መኪናው ውስጥ ገቡ። ያ ምርቃት የእኔ አልነበረም፣ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ማሽኑን ለእኔ ተዉልኝ፣ አሁን ጥሩ እሠራለሁ። ግን ግራ እጅጌ ስሠራ፣ ደብተሬ መቶ ሃያ ይላል፣ ቆጣሪዋ መቶ ሃያ ትላለች፣ አውርጄ ስቆጥረው መቶ ስምንት ነው። ማሽኑን ፈትቼ ገጥሜዋለሁ፣ ያገኘሁት ብልሽት የለም። ጋሽ ሰይድ ጁምዓ ጁምዓ ከደሴ ይደውላሉ። አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ እኔ አይደለም።

«ብቻዋን አትተዋትም አይደል?» ይሉኛል።

ማንን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም።