ግራና ቀኙ አንድ የሆነው መኪና

እንዲያምነኝ የምለምነው ሰው የለም፤ መለመን ሰልችቶኛል። ግን ሆኗል... በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ታላቅ ወንድሜ ግቢ ውስጥ።

ሥራዬ ለእሽቅድምድም ጌም መኪና መሥራት ነው። እውነተኛውን መኪና ፎቶ አነሳለሁ፣ እለካለሁ፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ቁርጥ እሱን አስመስዬ እሠራዋለሁ።

የሚያርመንን ሰውዬ "ሚሊሜትር" ነው የምንለው። የመብራት ጠርዝ በፀጉር ስፋት ከተዛባ ሥራህን መልሶ ይወረውርልሃል። ነፍሴን ነው ያወጣት!

በእኛ ሙያ መኪና ሙሉውን አይሠራም። ግራው ይሠራና ኮምፒውተሩ ገልብጦ ቀኙን ያወጣዋል። አንድ ጎን ብቻ መሆን ያለበትን ነገር ኋላ ከቀኙ ታጠፋለህ።

ያን ሰሞን የምሠራው የወንድሜን አሮጌ መኪና ነበር። ፎቶ ሳነሳ መሪው ላይ ተቀምጦ "እኔንም ጌሙ ውስጥ ክተተኝ" ብሎ ቀለደ። እሱንም ሠራሁት። ገልብጬ ላክሁት።

ሚሊሜትር ወዲያው ደወለ።

"የነዳጅ ክዳን በሁለቱም ጎን? ተኝተህ ነው የምትሠራው? ሌላውን ገና አላየሁትም!"

እውነቱን ነው፤ ረስቼዋለሁ። የቀኙን ክዳን አጥፍቼ ላክሁ።

እንደገና ደወለ።

"አሁን ደግሞ የት ወሰድከው? ከፎቶው ጋር አይገጥምም!"

ፎቶውን ከፈትኩት... ቀኙ ላይ ክዳን አለ።

ያነሳሁት እኔ ነኝ። አልነበረም!

ላፕቶፔን ይዤ እየተነጫነጭኩ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ፣ መኪናው ውስጥ መሪው ላይ ተቀምጧል።

በግራ በኩል አየሁ... ክዳን አለ።

በቀኝ ዞርኩ... አለ።

"ጋሼ፣ ሁለተኛውን ክዳን መቼ አስገጠምከው?"

"ድሮም ሁለት ነው።"

"አንድ ነበር!"

"አይንህን ታከም እንጂ..." ብሎ ሳቀብኝ።

ደሜ ፈላ። አንዱ አጥፋ ይለኛል፣ ያው ሰውዬ መልስ ይለኛል፣ ሌላው ድሮም ነበረ ይለኛል። መኪናውን ረግጬው ልሄድ ስል ፊቱን አየሁት።

ልጅ ሆኖ ከዛፍ ሲወድቅ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ቀርቶበታል።

አሁን ቀኙም ላይ አለ።

ወላጆቻችን ካለፉ ወዲህ ከእሱ በቀር ማንም የለኝም። የተገለበጠውን ግማሽ እንዳለ ካጠፋሁት ይመለሳል ብዬ የቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩና ላፕቶፔን ከፈትኩ።

ስክሪኑ ላይ ሁለት መሪ፣ ሁለት ወንድሜ አለ።

ቀና አልኩ...

መኪናው ውስጥም ሁለት ናቸው።

የግራው ፈገግ ብሏል። ልክ ፎቶው ላይ እንደነበረው... አይኑን አያርገበግብም። የቀኙ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ መስኮቱ ዝግ ስለሆነ አይሰማኝም።

ስልኬ ጮኸ። ሚሊሜትር ነው።

"ሁለት መሪ፣ ሁለት ሹፌር? የተገለበጠውን አጥፋና ላክልኝ! ስንቴ ልንገርህ?"

"ቆይ... ሁለቱም..."

"ግራውን አይደል እንዴ የሠራኸው? ቀኙን አጥፋ! ምን ያስቸግራል?"

እውነቱን ነው። ዋናው ግራው ነው። በገዛ እጄ ነው የሠራሁት፣ አውቃለሁ።

ማጥፊያውን ተጫንኩት።

ጣቴ ሲያርፍ የቀኙ መስኮት በጣት ስፋት ወረደ። ከወንድሜ በቀር ማንም በማይጠራኝ ስም ተጠራሁ።

"ዱባዬ... የሠራኸው እኮ እሱን ነው... እኔ የተወለድኩ..."

ድምፁ ተቆረጠ።

የቀኙ ወንበር ባዶ ሆነ። ክዳኑም፣ መሪውም የለም። የግራው በሩን ከፍቶ ወረደ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

"ተስተካከለ፣ አይደል?"

በትከሻው አሻግሬ ወደ ጋቢናው አየሁ።

ባዶው ወንበር ላይ ቀበቶው ደረት እንዳቀፈ ታስሯል...

ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል...

ከፍ ይላል።