ወደ ግራ የዞረው ሰማይ

መምህር ናፍታሊ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ከፊታቸው የራሺ ትርጓሜ መጽሐፍ ተገልጧል፤ ከጎኑ ባዶ ብርጭቆ፣ ከብርጭቆው ሥር አንዲት ወረቀት። ወረቀቷ ላይ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጥር የተጻፈባቸው ቤቶች ያሉት የከዋክብት ሠንጠረዥ ተስሏል። ከታች «የዙሃል ኮከብ ራሺህ ውስጥ ገብቷል። ክፉው እንዲመለስ ይህን ዱቄት በዝንጅብል ውሃ ጠጣ። ወዳጅህ ኩንጁኒ» ይላል። ዱቄቱ በቦይ ዳር ከሚበቅል መርዛም ፍሬ የተፈጨ ነበር።

መርማሪ አቹታን አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ የሟችን ፊት አየ። ሐሙስ ዕለት እኚሁ ሽማግሌ ጣቢያ መጥተው «ልጄ፣ ሞቴን የሚመኝ ሰው አለ» ብለውት ነበር። እሱ ግን «ኮከብዎ ነው የነገረዎት አባባ?» ብሎ ሳቀባቸው። ሞታቸውን የሚመኘውን ሰው ስም እንኳ አልጠየቀም። ሽማግሌውም ቆባቸውን አስተካክለው ወጡ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ! አለ በልቡ።

የማታንቸሪ የአይሁድ ሰፈር ሰው ገዳዩ ኩንጁኒ ነው ብሎ ፈርዶ ጨርሷል። ኮከብ ቆጣሪው ኩንጁኒ ፓኒከር የሟች የሠላሳ ዓመት ወዳጅ ናቸው። ለናፍታሊ ራሺ ማለት ቅዱስ መጽሐፍን የተረጎመ ታላቅ ሊቅ ነው፤ ለኩንጁኒ ደግሞ ከአሥራ ሁለቱ የሰማይ ቤቶች አንዱ። «ያንተ ራሺ ከሞተ ስንት ዘመኑ! የኔ ዛሬም ይዞራል» ይላሉ ኩንጁኒ። «ይዙር፤ የኔው ይናገራል» ይመልሳሉ ናፍታሊ። በረንዳው ላይ እንዲህ ሲተራረቡ ነው ያረጁት። አሁን ኩንጁኒ እስር ቤት ናቸው። የሟች ልጅ ሲፓራና ባሏ ምናሔም ደግሞ እሑድ ማታ በባቡር ወደ ቦምቤይ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ እስራኤል ሊሄዱ ነው። ለአቹታን የቀረው አንድ ቀን ነው፤ ከተሳሳተ አንድ ንጹሕ ሽማግሌ ይሰቀላል።

እሑድ ማለዳ ወረቀቷን ለኩንጁኒ አሳያቸው። እንባቸው እየወረደ ሳቁ።

«ምን ያስቅዎታል?»

«ይህን የሣለ ሰው ሰማዩን ወደ ኋላ ነድቶታል! እኛ ከመጀመሪያው ቤት ከሐመል ተነሥተን ወደ ቀኝ ነው የምንቆጥረው። ይሄ ወደ ግራ ሄዷል። ደግሞ እኔ ለቤቶቹ ቁጥር ልጻፍ? የገዛ ቤቱን በቁጥር የሚፈልግ አለ እንዴ?»

አቹታን ወደ ሟች ቤት ሄደ። ቀብሩ አልቋል። ሲፓራ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች።

«አባትሽ አብረዋችሁ ይሄዱ ነበር?»

«እምቢ አለ። "እዚያ ከማን ጋር እከራከራለሁ?" አለኝ። እኔም ጥዬው አልሄድም አልኩ።»

«መጠጡን ማን ሰጣቸው?»

«እኔ» አለች ድምጿ እየተቆራረጠ። «ወረቀቱንና ዱቄቱን ምናሔም በር ሥር አገኘሁ ብሎ ሰጠኝ። በገዛ እጄ አጠጣሁት ጌታዬ!»

«በቃ ተነሺ፣ ሻንጣውን እንቋጥር» አላት ምናሔም። «መርከብ ሰው አይጠብቅም።»

«የሐዘኑን ሰባት ቀን ሳልቀመጥ? ምን ነካህ?»

ምናሔም የኦሪት ጥቅልል ጸሐፊ ነው። የዕብራይስጥ ጸሎት መጽሐፉን ገለጠ፤ ጣቱም መስመሩን ተከትሎ ከቀኝ ወደ ግራ ተንሸራተተ። አቹታን ከዚያች ጣት ላይ ዓይኑን አልነቀለም።

ረፋድ ላይ ኩንጁኒን አስመጣ። ወለሉ ላይ በጠመኔ ሦስት ባዶ ሠንጠረዥ ሣለ፤ የሐመልን ቤት ብቻ ምልክት አደረገበት።

«እያንዳንዳችሁ ከሐመል ጀምራችሁ ቤቶቹን ቁጠሩልኝ።»

ኩንጁኒ ወደ ቀኝ ቆጠሩ። በሁለቱ ሽማግሎች መካከል ያደገችው ሲፓራም ወደ ቀኝ። ምናሔም «የልጆች ጨዋታ!» ብሎ ጎንበስ አለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጻፈ። ወደ ግራ። ከዚያ የሁሉም ዓይን እሱ ላይ መሆኑን አየና ጠመኔው ከእጁ ወደቀ።

«ወረቀቱን የጻፈው ሠንጠረዡን ከሩቅ ብቻ ያየ ሰው ነው» አለ አቹታን። «ኩንጁኒ አይሳሳቱም። መምህር ናፍታሊ በሠላሳ ዓመት ተምረውታል። ሲፓራ እንደምታውቀው አሁን አየን። የቀረው ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ከቀኝ ወደ ግራ የጻፈ እጅ ነው። ወረቀቱን "አገኘሁ" ያለውም እሱ፣ ሐዘን ሳይወጣ እንሂድ የሚለውም እሱ።»

ምናሔም በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። «መርከቡ ሁለተኛ አይመጣልንም ነበር! ሲፓራ፣ ላንቺ ብዬ ነው!»

«ለኔ? በኔ እጅ?»

በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ምናሔምን ይዘው ወጡ። ሲፓራ የአቹታንን እጅ ልትስም ጎንበስ አለች። እጁን መነጨቀ።

«ተይ! አባትሽ ሐሙስ መጥተውልኝ ነበር። ሞታቸውን የሚመኝ ሰው እንዳለ ነገሩኝ። እኔ ሳቅሁባቸው።»

ሲፓራ ቀና አለች።

«ማነው ብለው ቢጠይቁት ኖሮ» አለች፣ «እኔ አላጠጣውም ነበር።»

ተመልሳም ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ኩንጁኒም ሰባቱን ቀን አብረዋት ሊቀመጡ ከአጠገቧ ወለሉ ላይ ዐረፍ አሉ።