እዚህ የሚያስከፍል ይቅርታ

የማህፀን ሐኪሙን ባልደረቦቹ «ይጣራል» ይሉታል። ምንም ነገር ሲጠየቅ መልሱ «ጉዳዩ ይጣራል» ናት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የሆስፒታሉ ጠበቃ ሐኪሞቹን በየጊዜው እየሰበሰበ፣ «ይቅርታ ካላችሁ ፍርድ ቤት ጥፋታችሁን እንዳመናችሁ ይቆጥረዋል» እያለ አፋቸውን ለጉሞት ነው።

በዚያ ክልል ሐኪም መክሰስ ቀላል ነበር፤ ሐኪም ቢከሰስ የሚከፍልለት ኢንሹራንስ ዋጋው ደግሞ አይቀመስም። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ወደ ጎረቤት ክልል ተሻገሩ። እሱን ያስቀረችው አንዲት የማደንዘዣ ባለሙያ ናት። መጀመሪያ የተያዩት ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ፣ ከአፍ መሸፈኛ በላይ ባሉት ዓይኖቻቸው ብቻ ነበር። ሙሉ ፊቱን ስታይ «ዓይንህ ይሻላል» አለችው። ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም።

አንድ ቀን ዘግይታ ለቀዶ ጥገና የገባች አንዲት ወላድ ብዙ ደም ፈሰሳት። ሕይወቷ ቢተርፍም ማህፀኗ ወጣ። ቤተሰቡ ከሰሰ። የሆስፒታሉ መርማሪ ኮሚቴ ቀዶ ጥገናው ለምን እንደዘገየ ሲጠይቅ፣ የሁሉም ጣት ወደ ማደንዘዣ ባለሙያዋ ዞረ። ያዘገየው ግን እሱ ነበር፤ በራሷ ትወልዳለች ብሎ ጠብቆ። ሁለቱም ያውቃሉ። «ይጣራል» አለ። እሷ ከሥራ ታገደች።

ከጎረቤት ክልል ሥራ ሲያገኝ ቤቷ ሄደ። የማትለብሰውን የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ነበር።

«እዚያ ሕጉ ሌላ ነው» አላት። «ሐኪም ይቅርታ ቢል ማስረጃ አይሆንበትም። አብረን እንሂድና እዚያ የሚገባሽን ሁሉ እልሻለሁ።»

ካውያውን አቆመች። «እዚያ በነፃ የሚታደለውን ምን ላድርገው? እዚህ፣ ኮሚቴው ፊት በለው።»

«እዚህ ካልኩት ሥራው ይቀርብኛል። ንጹሕ ማህደር ነው የጠየቁኝ።»

«የኔ ማህደርስ?»

ካውያውን መልሳ አነሳች። ትወደው ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ልታየው አልፈለገችም።

በማግስቱ ኮሚቴው ፊት ቆመ። ጠበቃው እጅጌውን ቢጎትተውም ሊሰሙ ወደመጡት የወላዷ እናት ዞረ።

«እናቴ፣ ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ባልደረባዬ ቶሎ እንግባ ብላኝ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩት። «ይቺን ቃል ለመስማት ነው የከሰስነው» አሉ። ክሱን ግን አላነሱም።

እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እሱ ያገኘው ሥራ ቀረ፤ ኢንሹራንስ የሚሰጠውም ጠፋ። ቤት ዋለ። በመጨረሻ ከዚያው ከጎረቤት ክልል አንድ ሌላ ሆስፒታል ደወለለት። መንገዱ የተበላሸ፣ መብራት የሚጠፋበት፣ ሐኪም የማይበረክትበት ቦታ ነው። ከእሱ ሌላ ፈላጊ አልተገኘም።

«እሄዳለሁ» አላት። «ነይ ለማለት ግን አፍ የለኝም።»

«ማደንዘዣውን ማን ሊሰጥልህ ነው ታዲያ?» አለችው።

አሁን ባልና ሚስት ናቸው። እሱም አፉ ተፈቷል፤ ውሃ ቢደፋ ይቅርታ፣ ለእራት ቢያረፍድ ይቅርታ። እሷም ዓይን ዓይኑን እያየች «ይጣራል» ትለዋለች።