የተረት መጨረሻ የበላው ሙጭልፍ

በጸዳሎም መንግሥት አንድ ወግ ነበር። ተረት ሲጀመር የሰማ ሰው እስኪያልቅ አይነሳም፤ አይበላም፤ አይጠጣም። መነሳት ተራኪውን በጥፊ እንደ መምታት ይቆጠራል። ስለ ራሱ የሚተርክ ደግሞ የተናገረው መጨረሻ እንደ መሐላ ይጸናበታል። ምን ዓይነት አገር ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔም ግራ ይገባኛል፤ ግን እንዲያ ነበር።

በዘውድ በዓል ጠዋት ፀሐይ አረንጓዴ ሆና ወጣች። የዋሆቹ የጸዳሎም ሰዎች ደግ ምልክት ነው ብለው ተደሰቱ። የቤተ መንግሥቱ ተራኪ ልሳኑ ስለ ብርጭቆ ግንብ፣ ስለ አንዲት ልጃገረድና ስለ ነፋስ ወንድ ልጅ ሲተርክ አዳራሹ ጸጥ አለ። ልጃገረዷ የግንቡን በር ልትከፍት እጇን ስትዘረጋ፣ ልሳኑ አፉን እንደከፈተ ቀረ። መጨረሻው ከጭንቅላቱ ጠፍቷል። ቢጠይቁ ቢያጠያይቁ የማንኛውንም ተረት መጨረሻ የሚያውቅ ሰው በአገሩ የለም። ንጉሡም መኳንንቱም መነሳት ስላልቻሉ እዚያው ተፋጠው ዋሉ፤ አደሩም።

የበር ዘበኛዋ ናርዶስ ዘግይታ ስለመጣች መጀመሪያውን አልሰማችም። እናቷ እመት እንኮዬ ግን ከፊት ተቀምጠው ከንፈራቸው ደርቋል። ውሃ ብታቀርብላቸው ፊታቸውን አዞሩ።

«እማዬ፣ ትሞቻለሽ እኮ።»

«ነውር ነው ልጄ። አላለቀም።»

ናርዶስ ጦሯን ከወለሉ ላይ ተከለች። «የጠባሁት ጡት ይመስክርብኝ፤ መጨረሻውን ሳላስመልስ ወደ ቤቴ አልገባም» አለች።

እንቅልፍ ጥሏቸው ከበዓሉ የቀሩት አሮጌው ወታደር ሻለቃ ጉልማ፣ «የጠፋ ነገር ሁሉ ጉም ተራራ ላይ በዋሻ የሚኖረው ሙጭልፍ የሚባለው ፍጡር ዘንድ ነው» ብለው እያጉረመረሙ ተከተሏት። በጉም ተራራ ላይ የገዛ ዱካቸው ቀድሟቸው ይሄድ ጀመር። እየወጡ ይሁን እየወረዱ ጠፋቸው፤ ተጨቃጨቁም። ዱካውን ቢከተሉ ግን ከዋሻው ደጃፍ አደረሳቸው።

ሙጭልፍ ሆዱን ይዞ ያቃስታል። ክንፉ የሌሊት ወፍ፣ ቁመቱ የሕፃን፣ ጢሙ የሽማግሌ ነው።

«ሁሉንም ዋጥኳቸው፤ ግን አልገባኝም» አለ። «‹በደስታም ኖሩ› ይላል። እነማን? ‹ዘንዶውም አለቀሰ› ይላል። የቱ ዘንዶ?»

«ለምን ሰረቅህ?» አለችው ናርዶስ።

«ከመስኮት ሥር ሆኜ ሳዳምጥ ሳያልቅ በድንጋይ ያባርሩኛል። መጨረሻውን ብቻ ብወስድ ይበቃኛል ብዬ ነበር። አሁን አንድ ተረት ከመነሻው እስከ መድረሻው ካልሰማሁ አይወጡልኝም።»

ጉልማ ጎራዴያቸውን መዘዙ። ናርዶስ ግን እጃቸውን ያዘች፤ እሱ ቢሞት መጨረሻዎቹም አብረውት ይሞታሉ። ታዲያ ምን ትተርክለት? የተረት መጨረሻ ሁሉ ያለው እሱ ሆድ ውስጥ ነው። ያልበላው ገና ያልሆነውን ብቻ ነው፤ የራሷን። የራሷ መጨረሻ ደግሞ መሐላ ይሆንባታል፤ ፍጡሩም ተራኪ ካጣ ተመልሶ መስረቁ አይቀርም። እናቷ በጣም ናፈቋት።

«አንዲት ዘበኛ ነበረች» ብላ ጀመረች። ስለ ልጅነቷ፣ ስለ እናቷ ሳቅ፣ ስለ ደረቀው ከንፈር ነገረችው። ሙጭልፍ በየመሃሉ «እሺ» ይላል። «ዘበኛዋም ተረት የሚነግረው ካጣው ፍጡር ጋር ቀረች። እስክትሞት ድረስ ተረከችለት። አለቀ።»

«ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ» አሉ ጉልማ።

ሙጭልፍ አፉን ከፈተ፤ መጨረሻዎቹም እንደ ንብ መንጋ ወጥተው ወደ ጸዳሎም በረሩ። ልሳኑ «በሩን የከፈተላት የነፋስ ልጅ ነበር» ብሎ ጨረሰ። ሰዉም ጉልበቱን እያሸ ወደ ውሃው ተንጋጋ።

ጉልማ ብቻቸውን ተመለሱ። ክፉውን ወሬ በቀጥታ ለመናገር ልብ ስላጡ፣ እመት እንኮዬን በሕዝቡ ፊት አስቀምጠው «አንዲት ዘበኛ ነበረች» ብለው ጀመሩ። ተራራውን ተረኩ፤ ዋሻውን ተረኩ። «ዘበኛዋም...» ሲሉ እመት እንኮዬ ብድግ አሉ።

አዳራሹ ደነገጠ። «እመት፣ ነውር ነው፤ አላለቀም» አሉ መኳንንቱ።

«አይጨርሱት» አሉ እመት እንኮዬ ለሻለቃው። መቀነታቸውን አጥብቀው ወደ ጉም ተራራ መንገዱን ያዙ።