ናርዶስ ላ ፓዝ ውስጥ «ጠግቤያለሁ» አለች

ልጆች፣ ናርዶስን ታውቋታላችሁ? አታውቋትም! እንግዲያው ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ናርዶስ ከደብረ ብርሃን ተነስታ፣ በአውሮፕላን ቩውውው! ብላ፣ ባሕር ተሻግራ ደቡብ አሜሪካ ገባች። አባቷ እዚያ ሥራ አግኝቶ ነው።

የገባችበት ከተማ ስም ላ ፓዝ ነው። ላ ፓዝ ተራራ ላይ ናት፤ ቤቶቿ ከላይ እስከ ታች ተደራርበዋል።

ብርዱስ? ኡፍፍፍ! ለደብረ ብርሃን ልጅ ግን ብርድ ምኗም አይደል።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ኳ! ኳ! ኳ!

የመጣችው ጎረቤታቸው ዋይራ ናት። የናርዶስ እኩያ ናት፤ የፊት ጥርሷ ወልቋል።

«ናርዶስ፣ ነይ ከተማዬን ላሳይሽ! አያቴም አብራን ትመጣለች» አለች። እነናርዶስ የአገሩን ቋንቋ አስቀድመው ተምረዋል፤ ስለዚህ ሁሉም ገባት።

የዋይራ አያት እማማ ቶማሳ ይባላሉ። አናታቸው ላይ ትንሽዬ ባርኔጣ ጉብ ብላለች። አልታሰረችም፤ ግን አትወድቅም!

ናርዶስ ከደስታዋ ብዛት ቁርሷን ረሳች። ልትወጣ ስትል እናቷ ያዝ አደረገቻትና በጆሮዋ ሹክ አለቻት።

«አደራ ልጄ! ሰው ምግብ ሲሰጥሽ ቶሎ እንዳትቀበዪ። ስግብግብ ይሉሻል።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«‹አይ፣ ጠግቤያለሁ› በያ! እነሱ ‹በሞቴ! በሞቴ!› ብለው ይለምኑሻል። ያኔ ትቀበያለሽ።»

ናርዶስ «እሺ» አለች። ሄዱ።

መንገድ ዳር አንድ የሜዳ አህያ በሁለት እግሩ ቆሞ ሰው ያሻግራል!

«ወይኔ!» ብላ ናርዶስ የእማማ ቶማሳ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች።

«ሰው እኮ ነው!» ብላ ዋይራ ሳቀች። «የሜዳ አህያ ልብስ ለብሶ ነው ልጆች የሚያሻግረው።»

የሜዳ አህያው እጇን ይዞ አሻገራት። ጅራቱን ነካ አደረገችው። እውነትም ጨርቅ ነው!

ከመንገዱ ማዶ ሳልቴኛ ይሸጣል። ሳልቴኛ ሳንቡሳ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ትኩስ ሾርባ አለው። ዋይራ ሁለት ይዛ መጣች።

«እንኪ ናርዶስ፣ ብዪ!»

ናርዶስ ምራቋን ዋጠች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «አይ፣ ጠግቤያለሁ!» አለች።

ከዚያ «በሞቴ» እስክትባል ጠበቀች። ጠበቀች። ጠበቀች።

«እሺ» አለች ዋይራ። ጎረስ! ዋጥ! ሁለቱንም በላቻቸው።

የናርዶስ ሆድ ምን አለ? ጉርርር!

ገበያ ገቡ። ፍሬው አውራ ጣት የሚያክል በቆሎ ከአይብ ጋር ይሸጣል፤ ሽታው አፍንጫ ይጎትታል።

«እንኪ ናርዶስ፣ ብዪ!»

«አይ፣ ጠግቤያለሁ!»

«እሺ።» ጎረስ! ዋጥ!

ጉርርር!

ጥግ ላይ አንዲት ሴት ትኩስ የበቆሎ መጠጥ ትቀዳለች። መጠጡ ሐምራዊ ነው! ናርዶስ ሐምራዊ ነገር ነፍሷ ነው።

«እንኪ ናርዶስ፣ ጠጪ!»

አይ ናርዶስ! አሁንስ ትቀበል ይሆን? የት አባቷ!

«አይ፣ ጠግቤያለሁ!»

«እሺ።» ፉት! ፉት! ጭልጥ!

ጉርርርርር!

«ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!» አለች ናርዶስ በልቧ። «አንዴም አይለምኑም?»

ከዚያ በሽቦ ላይ የምትሄድ የመስታወት ክፍል ውስጥ ገቡ። ላ ፓዝ ውስጥ ሰው እንደ ታክሲ ይሳፈርባታል። ሽውውው! ብላ ከቤቶቹ ሁሉ በላይ ወጣች።

ዋይራ ግን «ያንን እዪ፣ ይህንን እዪ» አላለችም። አኩርፋ ጥጓን ይዛ ተቀመጠች።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት ናርዶስ።

«ከተማዬን ጠላሽው። የሰጠሁሽን ሁሉ አይ አልሽኝ። ነገ ሌላ ጓደኛ ፈልጊ!»

ናርዶስ ክው አለች። ርቧት ያላለቀሰችው ልጅ፣ አሁን ዓይኗ እንባ ሞላ። መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች፤ ሆዷ ግን ቀደማት።

ጉርርርርርርርርር!

ሰው ሁሉ ዞረ። አንድ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ ሽቦው የተበጠሰ መስሎት ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ።

«ርቦኛል!» ብላ ጮኸች ናርዶስ። «ከጠዋት ጀምሮ ርቦኛል!»

«ታዲያ ለምን ‹ጠግቤያለሁ› አልሽ?»

«‹በሞቴ› እስክትዪኝ ነዋ!»

«በሞቴ ምንድን ነው?»

«‹እኔ ልሙት፣ ብዪ› ማለት ነው።»

ዋይራ ዓይኗ ፈጠጠ። «ለአንድ ሳልቴኛ ብዬ ልሙት?!»

«አትሞቺም! እንዲሁ ነው የሚባለው! እኛ አገር ሁሉም ይላል፤ ማንም አልሞተም!»

እማማ ቶማሳ ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው ተንፈቅፍቀው ሳቁ። ባርኔጣቸው ዱብ አለች!

ሳቃቸው ሲበርድ፣ ከጀርባቸው ያዘሉትን ጨርቅ ፈትተው ለቤት የገዙትን ሳልቴኛ አወጡ። ዋይራ ተቀበለቻቸውና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ናርዶስ፣ በ... ሞ... ቴ!»

ተቀበለች ከምላችሁ ነጠቀች ማለት ይቀላል። ግምጥ! ስታደርገው ሾርባው ፊጭ! ብሎ የሰውዬው ክራቫት ላይ አረፈ።

«ይቅርታ!» አለች ናርዶስ አፏ እንደሞላ። ሰውዬውም ሳቀ።

ከዚያ ወደ ጓደኛዋ ዞረች። «ዋይራ፣ ከተማሽን ወድጄዋለሁ። አንቺን ደግሞ ከከተማው ይበልጥ ወድጄሻለሁ።»

ዋይራ በዚያ በወለቀ ጥርሷ ፈገግ አለች፤ አጠገቧም መጥታ ጥብቅ ብላ ተቀመጠች።

ማታ፣ ናርዶስ የሌሊት ልብሷን ስትለብስ፣ በሩ ተንኳኳ። ኳ! ኳ! ኳ!

ዋይራ ናት። «አያቴ ናርዶስ ዛሬ እኛ ጋ ትደር ብላለች» አለች።

የናርዶስ እናት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ አንገቷን ሰበር አደረገች። «አይ፣ አይ! እናንተን ማስቸገር ነው። ይቅር!»

«እሺ» አለች ዋይራ። ዞራም ደረጃውን መውረድ ጀመረች።

«እማዬ!» ብላ ናርዶስ ብድግ አለች። «ምን አደረግሽ! እዚህ አገር እኮ የሚጠይቁት አንዴ ብቻ ነው!»

ወይ ጉድ! እናት በነጠላ ጫማ ደረጃውን ሮጠች። ጧ! ጧ! ጧ!

«ዋይራ! ልጄ! ናርዶስ ትምጣ! ኧረ ትምጣ!»

ሁለቱ ጓደኛሞች እነዋይራ ቤት አንድ ብርድ ልብስ ለብሰው ተኙ። መብራቱ ሲጠፋ ዋይራ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«ናርዶስ፣ ነገም እንዙር?»

«አዎ!» አለች ናርዶስ።