ልማቱን እንዳይበሉት

ቀለመ ወርቅ ወደ ታች ጋይንት የተላከው በጃንሆይ ዘመን፣ ገበሬው በእንቁላል ይለማል በተባለ ጊዜ ነው። ዕቅዱ ግልጽ ነበር፤ ነጭ የፈረንጅ አውራ ዶሮ ለየቤቱ ይታደላል፣ ከአገሬው ዶሮ ይዳቀላል፣ እንቁላሉ ይሸጣል፣ ገበሬውም ቤቱን ቆርቆሮ ይከድናል። ስሕተት ማግኘት ያስቸግር ነበር።

ከወረዳው ከተማ ከአርብ ገበያ በደረሰ ዕለት አንዱ አውራ ከቅርጫቱ አምልጦ አንዲት ልጅ የምትሸጠው ምስር ላይ ዘለለ።

«እህቴ፣ በማርያም ያዥልኝ!»

«የማን ነው?»

«የመንግሥት።»

«እንግዲያ መንግሥት ይያዘው!» አለች፤ ግን ይዛው ነበር። «የበላውን ምስርስ ማን ይክሳል?»

«እሱኑ ውሰጂው።»

ልጅቷ፣ ይታይሽ፣ ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። አውራው ከእቅፏ ሆኖ ሁለቱንም በየተራ ተመለከተ።

ጊዜው የፍልሰታ ዋዜማ ስለነበር የታደሉት አውራዎች በሰላም ሰነበቱ። ጾሙ ሲፈታ ቀለመ ወርቅ ልማቱን ሊቆጣጠር ወጣ። የጋይንት ሰው ደግሞ ስጦታ ያመጣለትን እንግዳ በሽሮ አይሸኝም።

«አውራው እንዴት ነው?» አለ፣ ጌጤ ከምትባል ሴት ደጅ ቆሞ።

«ይግቡ፣ ሊወጣ ነው፤ ቅቤው ብቻ ቀረው።»

እምቢ ማለት ነውር ነው፤ በላ። በሚቀጥለው ቤትም በላ። መስቀል ሲደርስ ልማቱን አንድ በአንድ ጨርሶት፣ ፊቱ ወዝ አውጥቶ ነበር።

አንድ ቀረ፤ የይታይሽ። እሱን ለመቆጣጠር ቀለመ ወርቅ በየቀኑ ይሄድ ጀመር።

«እንዳትገባ!» ትለዋለች ከአጥሩ ወዲያ። «ከገባህ አባቴ ያርደዋል።»

እንዲህ ሆኖ ፍቅራቸው በእሾህ አጥር መካከል አደገ። እነሱ ሲያወሩ አውራው ይጮኻል። በመጨረሻም ሽማግሌ ላከ። አባቷ አቶ ካሳ ለቃል መስጫው ቀን ቀጠሩ።

በዚያው ሳምንት ከደብረ ታቦር አለቃው ልማቱን ሊያይ እንደሚመጣ ተሰማ። አንድም ነጭ አውራ ካላገኘ ቀለመ ወርቅን ወደ ሩቅ ቆላ ያዛውረዋል።

አቶ ካሳ ቢላዋቸውን እየሳሉ ነበር።

«ሌሎቹ ዶሮዎች ጫጩት ታቅፈዋል። ነጩ ይታረዳል።»

«አባዬ፣ እሱ ከታረደ እኮ ሰውየው ይሄዳል።»

«ማን ከለከለው? በልቶ ይሂድ! ሽማግሌ በልጄ ጉዳይ መጥቶ ዶሮ ሳይቀምስ ሊመለስ? ካሳ ሞቷል እንዴ?»

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ መጡ፤ መሪያቸው ቄሱ አባ አዳነ ናቸው። አቶ ካሳ «ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ፤ እልል ተባለ። ወዲያው ቢላዋቸውን አንሥተው ሊወጡ ሲሉ ይታይሽ የእጅ ውኃ ይዛ ገባች፤ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላለች።

«አባ፣ ጽጌ ገብቷል። እርስዎ እንደሚጾሙ ስለማውቅ ሽሮ ሠራሁ። አጠፋሁ?»

ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ የወደደ ይጾመዋል፣ ያልወደደ ዝም ይላል። አባ አዳነ ዝም አሉ። ከውጭ ነጩ ጮኸ። ምራቃቸውን ዋጡ።

«ምን አጥፍተሽ! ጽጌን... እንዴታ፣ እጾማለሁ።»

«እኔም» አሉ ሌላው ሽማግሌ አቶ ደምሌ፣ ትናንት ሥጋ ሲበሉ የታዩት።

«እኛስ አንጾምም እንዴ?» አሉ የቀሩት፣ ቅር ያላቸው መስለው።

አቶ ካሳ ቢላዋውን ወደ አፎቱ መለሱ። «እኔማ ለእንግዳ ብዬ እንጂ እየጾምሁ ነው» አሉ።

በማግስቱ የደብረ ታቦሩ አለቃ መጣ። ነጩን አውራ፣ ከኋላውም ነጣ ነጣ ያሉ ጫጩቶችን አየ።

«ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ይህ በምን ዘዴ ተረፈ?»

ቀለመ ወርቅ ወደ ይታይሽ ሰረቅ አድርጎ አየ።

«በጾም፣ ጌታዬ።»

አለቃው አሰበበት። ዘዴው ለጎረቤት ወረዳዎች ለስማዳና ለእስቴም እንዲዳረስ አዘዘ።

እሱ ሲሄድ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ይታይሽ በነጠላዋ ጫፍ ሳቋን ሸፈነች።

«አሁን እስከ ኅዳር አገሩ ሁሉ ሊጾም ነው። አባ አዳነ ሲያልፉ አይተውኝ ሰላምታም ነፈጉኝ።»

«እኔስ?»

«አንተ የሁሉንም በልተሃል። ጹም!»

«እሺ። ለጥር ሠርጋችንስ ምን ይታረዳል?»

«በሬ» አለች። «በሬ መንግሥት ገና አላደለም።»